ባሕር የሌላት ከተማ የባሕር ማእድ፤ የሽሪምፕ ፋሂታ ታሪክና አሠራር በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በአፍሪካ ጎዳና እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፥ ከዚያም በገርጂና በሰሚት አልፎ እስከ አያት በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ የቤተሰብ ገበታ ባለፉት ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ብዙ እንግዳ ምግብ ተቀብሏል። ከእነዚህም አንዱ የሽሪምፕ ፋሂታ የሚባለው ነው። ነገሩ በአጭሩ ሲገለጥ፥ በቀጭኑ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ በጋለ ብረት ላይ ከሽሪምፕ ጋር ተጠብሶ፥ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚበላ ምግብ ነው። በሆቴል ሲቀርብ ከነጭሱና ከነድምፁ ስለሚመጣ እጅግ የራቀ አገር ምግብ ይመስላል። በቤት ውስጥ ሲሠራ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በዚህ ምግብ ውስጥ በእርግጥ እንግዳ የሆነው የትኛው ነው?

ጥያቄው ተራ መስሎ ቢታይም መልሱ የምግብ ሙያን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የአንዲት ደጋማ ከተማ ከባሕር ጋር የነበራትንና ያላትን ግንኙነት፥ የወደብንና የአየር መንገድን ታሪክ፥ የማእድ ቤትን መለወጥ፥ የሃይማኖትንም ሥርዐት ይነካል። በመሆኑም የምግቡን ትውልድ፥ የቅመሞቹን መንገድና የአሠራሩን ዘዴ በየተራ መመልከት ይገባል።

ስሙና ትውልዱ

ፋሂታ የሚለው ቃል የእስጳንኛ ነው። በእስጳንኛ «ፋሃ» ማለት መቀነት ሲሆን፥ «ፋሂታ» ትንሽ መቀነት ማለት ነው። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው ለምግቡ ሳይሆን ለሥጋው ነበር። ከበሬ ጎድን በታች ተዘርግቶ የሚገኘው ቀጭን፥ ረጅምና ጠንካራ ሥጋ መቀነት ስለሚመስል በዚህ ስም ተጠራ። ቴክሳስና ሜክሲኮ በሚዋሰኑበት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ሸለቆ፥ በከብት እርባታ ሥራ የተሰማሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ከብት በታረደ ጊዜ ጭንቅላቱ፥ የሆድ ዕቃው፥ ቆዳውና ይህ ጠንካራ ሥጋ የደመወዛቸው ክፋይ ሆኖ ይሰጣቸው ነበር። ባለ ከብቱ የማይፈልገውን ይህን ሥጋ ሠራተኞቹ በሎሚ አሽተው፥ በእሳት ጠብሰው፥ በቀጭኑ ቆርጠው በቂጣ ይበሉት ነበር።

ይህ የሠራተኛ ምግብ ወደ ገበያ የወጣው ዘግይቶ ነው። የኦስቲን ከተማ ሥጋ ሻጭ የነበረው ሶኒ ፋልኮን እ.ኤ.አ. በ1969 በካይል ከተማ በበዓል ቀን ለሕዝብ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒንፋ ሎሬንዞ የተባሉት ሴት በሂዩስተን ከተማ በከፈቱት ምግብ ቤት ይህን ዐይነቱን ጥብስ በቂጣ ጠቅልለው ማቅረብ ጀመሩ፤ ስማቸውም በዚሁ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታላላቅ ሆቴሎች በጋለ የብረት ሳሕን ላይ እያንጫጩ ማቅረቡን ልማድ ሲያደርጉት ምግቡ በመላው አሜሪካ ተዛመተ። ተፈላጊነቱ ሲጨምር የሥጋው ዋጋ ናረ፤ የናቁት ሥጋ ውድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው ዶሮና ሽሪምፕ በምትኩ የገቡት።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ሽሪምፕ መቀነት የሚመስል ነገር የለውም። ስሙ ከሥጋው ለቅቆ ወደ አሠራሩ መተላለፉን ይህ ያሳያል። ዛሬ ፋሂታ ሲባል የሚታሰበው በቀጭኑ መቁረጥ፥ በኃይለኛ እሳት ፈጥኖ መጥበስና በቂጣ ጠቅልሎ መብላት ነው። ስም ከዕቃ ወደ ዘዴ ከተሸጋገረ ደግሞ ዘዴው በማንኛውም አገር ማእድ ቤት ሊኖር ይችላል።

ከባሕር ማዶ መጥቶ ቤተኛ የሆነው

በዚህ ምግብ ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች መካከል ለኢትዮጵያዊ አፍ እጅግ የሚቀርበው ቃሪያ ነው። ይሁንና ቃሪያና በርበሬ ጥንተ መሠረታቸው አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም በርበሬ የሚባል ተክል አልነበረም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በፖርቱጋሎች መርከቦችና በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ነጋዴዎች አማካይነት ወደዚህ ክፍለ ዓለም ደረሰ። ዛሬ ያለ በርበሬ የኢትዮጵያን ወጥ ማሰብ የሚቻል አይመስልም። ነገር ግን የአክሱም ነገሥታትም ሆኑ የላሊበላ ሠራተኞች በርበሬ ሳይቀምሱ አልፈዋል።

በቆሎም እንዲሁ ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ ጥንታዊ እህል ከዚያው አህጉር ተነሥቶ ኢትዮጵያ ሲደርስ፥ ሕዝቡ መልኩን ከማሽላ ጋር አስተያይቶ «የባሕር ማሽላ» አለው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ መተከል የጀመረውና ከተማይቱን ከማገዶ እጦት ያዳናት የአውስትራሊያ ዛፍ ደግሞ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። ውጭ አገርን ለመጥራትም «ባሕር ማዶ» የሚል አነጋገር አለ። ቋንቋው ራሱ እንደሚመሰክረው፥ የደጋው ሰው ከሩቅ የመጣውን ሁሉ በባሕር ስም ጠርቶ ከተቀበለ በኋላ ቤተኛ አድርጎታል።

ንግዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አልነበረም። በፋሂታ ውስጥ የሚገቡት ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ስንዴ፥ ሎሚ፥ ከሙንና ድንብላል ከአሮጌው ዓለም ተነሥተው በእስጳንያውያን እጅ ወደ ሜክሲኮ የተሻገሩ ናቸው። ቃሪያው ወደ ምሥራቅ፥ ሽንኩርቱ ወደ ምዕራብ ተጉዘው፥ በአንድ መጥበሻ ላይ በሁለቱም ወገን ተገናኙ። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ አብሮ መጥበስ ለአዲስ አበባ ባለሙያ ትምህርት የማያሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። የሜክሲኮ ሴቶች ቂጣ የሚጋግሩበት «ኮማል» የሚባለው ዕቃ በጥንት ጊዜ ክብና ዝርግ የሸክላ ምጣድ ነበር። ቶርቲላ የሚባለው ስስ እንጀራቸው ሳይቦካ የሚጋገር በመሆኑ የሚቀርበው ወደ ጤፍ እንጀራ ሳይሆን ወደ ቂጣ ነው። በጋለ ብረት ላይ እየጮኸ የሚቀርበውን ጥብስ በተመለከተም፥ ከሥሩ ፍም ተደርጎ የሚቀርበውን ሸክላ ጥብስ የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አያይበትም። ቡና የሚቆላበት ብረት ምጣድም ለዚህ ሥራ የማያንስ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ቃሪያው፥ ሽንኩርቱ፥ ቂጣው፥ ምጣዱና የአጠባበሱ ዘዴ ቤተኞች ከሆኑ፥ እንግዳ ሆኖ የሚቀረው ሽሪምፑ ብቻ ነው። ታሪኩን አስገራሚ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ በቅርብ ውሃ ውስጥ የሚኖረው እርሱ ነውና።

ባሕሩና ወደቡ

የጥንት የግሪክ ጸሐፊዎች በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩትን ሕዝቦች «ዓሣ በሎች» ብለው ይጠሯቸው ነበር። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ የሚባለው የመርከበኞች መጽሐፍ አዱሊስን የዝሆን ጥርስና የባሕር ኤሊ ልባስ የሚወጣባት ወደብ አድርጎ ይገልጻታል። በኋለኛው ዘመንም የጠረፉ አገር ገዥ «ባሕር ነጋሽ» እየተባለ ሲሾም ኖሯል። ይሁንና ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ምፅዋን ከያዙ ወዲህ፥ ቀጥሎም ኢጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ከተተኩባት በኋላ፥ የደጋው መንግሥትና ባሕሩ ለረጅም ዘመን በሌላ እጅ ተለያይተው ኖሩ። የደጋው ሰው ዓሣ ቢበላ የጣናን፥ የዝዋይን ወይም የሌሎች ሐይቆችን ዓሣ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ለገበያ የሚበቃ ሽሪምፕ አይገኝም።

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን፥ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደችበት ዘመን፥ ምፅዋና አሰብ በኢትዮጵያ ሥር ነበሩ። በዚያን ጊዜ የዓሣ ማጥመዱ ሥራ አነስተኛ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኤርትራ ጠረፍ በዓመት እስከ 25,000 ቶን ገደማ ይጠመድ ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚበዛው ትናንሽ ዓሣ ሲሆን፥ ደርቆ ወይም ተፈጭቶ ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። ከምፅዋ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በረዶና ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በሌለበት ዘመን፥ ቶሎ የሚበላሽ የባሕር ምግብ ይህን ቆላና ደጋ አቋርጦ ለተራ ቤተሰብ ገበታ ይደርሳል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ኤርትራ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተግባር ተለየች፤ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ ነጻነቷን አጸደቀች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱም የወጪና የገቢ ንግድ በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። በቦሌ ቤቶች ውስጥ የበረዶ ማስቀመጫ የበዛውና ሽሪምፕ በመደብር የታየው በአመዛኙ ከዚህ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቃለል፥ ባሕሩ በነበረ ጊዜ ማእዱ አልነበረም፤ ማእዱ በመጣ ጊዜ ባሕሩ አልነበረም።

አውሮፕላን ማረፊያውና ሰፈሩ

ባሕር የሌላት ከተማ ወደብ አልባ ሆና አልቀረችም። የመጀመሪያው ወደቧ የባቡር ጣቢያው ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ፥ ለገሃር የከተማይቱ የዕቃ መግቢያ ሆነ። ሁለተኛው ወደብ ሰማይ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ በመሆኑ፥ በከተማይቱ ምሥራቅ በኩል በቦሌ ሜዳ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ቦይንግ 720 ጄቶች መጥተው በጥር 1955 ዓ.ም. የጄት በረራ ተጀመረ። ከአራት ወር በኋላ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ደግሞ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማይቱ ነበር።

በዚህ የተነሣ ከአደባባዩ እስከ ማረፊያው ባለው መንገድ ዙሪያ የዲፕሎማቶች፥ የአየር መንገድ ሠራተኞችና የውጭ ድርጅቶች ባልደረቦች መኖሪያ እየበዛ ሄደ። በ1960ዎቹ መግቢያ የሂልተን ሆቴል ሲከፈትና የሆቴል ሥራ ማሠልጠኛው ሲቋቋም፥ የውጭ ምግብ አሠራር በሙያ ደረጃ የሚማረው ኢትዮጵያዊ ቁጥር ጨመረ። የዚህ ትምህርት ፍሬ በሆቴል ብቻ አልቀረም፤ ባለሙያው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተማረውን ይዞ ይገባ ነበርና።

ሌላው መንገድ የስደት መንገድ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከአገር ከወጡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በአሜሪካ ሲሰፍሩ፥ የፋሂታ የትውልድ አገር በሆነችው በቴክሳስም በዳላስና በሂዩስተን ከተሞች ታላላቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ተመሠረቱ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎች በቦሌና በአካባቢው ቤት ሠርተዋል። ተመላሽ ሰው ከሻንጣው ይልቅ በልማዱ ውስጥ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የምግብ ልማድም ከዚህ ውስጥ ነው።

የማእድ ቤቱም ቅርጽ ተለውጧል። ቀድሞ ማእድ ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ በጓሮ የሚሠራ፥ በእንጨትና በከሰል የሚነድድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በኋላ በሰሚት፥ በአያትና በሌሎችም ሥፍራዎች ሲስፋፋ፥ ማእድ ቤቱ ከሳሎኑ ጎን የምትገኝ ጠባብ ክፍል ሆነ። በዚህ ቦታ የኤሌክትሪክ ምድጃና ማቀዝቀዣ ግድ ናቸው። ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ወጥ ቤቱን በጭስና በሽታ ይሞላል፤ ቶሎ የሚደርስ ጥብስ ግን ለዚህ ዐይነቱ ቤት ይስማማል። ፋሂታ ለጠባቡ ማእድ ቤት የተመቸው በፍጥነቱ ነው።

በቤት ሲሠራ

የሽሪምፕ ፋሂታ አሠራር ቀላል ነው፤ የሚበላሸውም በቀላል ስሕተት ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የተላጠ ሽሪምፕ፥ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፥ ሦስት የፈረንጅ ቃሪያ፥ አንድ የአገር ቃሪያ፥ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ሁለት ሎሚ፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፥ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬና ጨው ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ በረዶውን ማቅለጥ ነው። በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላቀ ቅዝቃዜ የሚጠበቅ ሲሆን፥ ሊሠራ ሲታሰብ ከዋዜማው ጀምሮ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ማድረግ ይገባል። በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማዋል ውጭው ሞቆ ተሕዋስያን እንዲራቡበት ያደርጋል። ሰዓት ያጠረው ሰው በላስቲክ አሥሮ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢያቆየው ይሻላል። አንድ ጊዜ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም። መብራት ለብዙ ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው። በጥቅሉ ውስጥ በረዶው አንድ ላይ ተጋግሮ ከተገኘ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ስለሚችል ሊጠረጠር ይገባል። አዲስ ሽሪምፕ የባሕር ውሃ ሽታ እንጂ የአሞንያ ሽታ የለውም።

ሁለተኛው ማሸት ነው። የአንዱን ሎሚ ጭማቂ ግማሹን ዘይት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ከሙንና ጨው ጨምሮ ማሸት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። የበሬው ሥጋ ጠንካራ ስለሆነ በሎሚ ሰዓታት መዋል ይችል ነበር፤ የሽሪምፕ ሥጋ ግን ለስላሳ በመሆኑ የሎሚው አሲድ ያለ እሳት ያበስለዋል፤ ሲጠበስም ይጠነክራል።

ሦስተኛው ቂጣው ነው። ሦስት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በለብ ባለ ውሃ ተለውሶ ለግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ከዚያም በድብልብል ተከፋፍሎ በስሱ ይዳመጥ። በጋለ ደረቅ ምጣድ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢቆይ ይበቃዋል። ከምጣድ የወጣውን እየደራረቡ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ለስላሳነቱን ይጠብቃል። ቂጣው ቢቀር ደግሞ እንጀራ የሚከለክል ሕግ የለም፤ እርሾው የሚሰጠው ኮምጣጣ ጣዕም ከሎሚው ጋር ይስማማል።

አራተኛው ጥብሱ ነው። መጥበሻው ወይም ብረት ምጣዱ እጅግ ከጋለ በኋላ የቀረው ዘይት ገብቶ በመጀመሪያ በርዝመቱ የተከተፈው ሽንኩርትና ቃሪያ ይጠበሳል፤ ጠርዙ ጠቆር ሲልና ውስጡ ገና ሳይልም ወጥቶ በሳሕን ይቀመጣል። ቀጥሎ ሽሪምፑ ውሃው በጨርቅ ከተመጠጠ በኋላ ሳይደራረብ ተዘርግቶ በእያንዳንዱ ወገን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይጠበሳል። ርጥብ ሆኖ ወይም ተደራርቦ ከገባ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሽሪምፕ ሲበስል ግራጫ መልኩ ወደ ቀይ ብርቱካን የሚለወጠው፥ በጥሬነቱ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተሰውሮ የነበረው ቀይ ቀለም በሙቀት ስለሚላቀቅ ነው። ጎበጥ ሲል በስሏል፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ቀለበት ከሆነ አልፎበታል። በርበሬው በጋለ ብረት ላይ ቶሎ ስለሚያርርና ስለሚመርር መጨመር ያለበት በመጨረሻ፥ አትክልቱ ከሽሪምፑ ጋር ሲቀላቀል ነው። ከዚያም የቀረው ሎሚ ይጨመቅበታል።

የከተማይቱ ከፍታም ሊረሳ አይገባም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት አብሮ የሚቀርበው ባቄላ ወይም ሩዝ በውጭ አገር መጽሐፍ ከተጻፈው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ጥብሱ ግን በዘይትና በብረት ሙቀት ስለሚበስል ጊዜው አይረዝምም፤ እንዲያውም ርጥበቱ ቶሎ ስለሚተንን ሽሪምፑን ማድረቅ ይቀላል። ከአቮካዶ፥ ከቲማቲምና ከድንብላል ቅጠል ጋር ወደ ገበታ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይጠቀልላል።

የሕሊና ጉዳይ

ሽሪምፕ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ የቆየው በመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው የሚበላውንና የማይበላውን የሚለየው ሥርዐት ታላቅ ሥፍራ አለው። በዚያም ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት ከማይበላው ይቆጠራል፤ ሽሪምፕም ከዚህ ወገን ነው። ስለሆነም ብዙ ምእመናን በጾምም ሆነ በፍስክ አይበሉትም። ዓሣ ራሱ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። በእስልምና በኩል አብዛኞቹ መዝሀቦች የባሕር ምግብን የፈቀዱ ሲሆን፥ በሐነፊ ሊቃውንት ዘንድ ግን በሽሪምፕ ላይ የአሳብ ልዩነት አለ።

ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚመለከት አስተናጋጅ ወይም ባለሙያ ይሳሳታል። የገበታ ክብር እንግዳውን በሕሊናው ላይ ሳያስገድዱ ማብላት ነው። ፋሂታ ለዚህ የተመቸ ምግብ ነው፤ ሁሉም በየሳሕኑ ተለይቶ ስለሚቀርብ አንዱ ሽሪምፕ፥ ሌላው የሐይቅ ዓሣ፥ ጿሚው ደግሞ እንጉዳይና አትክልት ጠቅልሎ በአንድ ገበታ ሊበላ ይችላል። ይህ ግን የሚሠራው መጥበሻው፥ ማማሰያውና ዘይቱ ከተለየ ብቻ ነው። በአንድ ዘይት ሁሉን ጠብሶ በየሳሕኑ መለየት እንግዳን ማታለል ነው። መለየቱ የጤናም ጉዳይ ነው። ሽሪምፕ ጠንካራ አለርጂ ከሚያስነሡት ምግቦች አንዱ ሲሆን፥ ጥቂት ብቻ የነካው ምግብ እንኳ በአንዳንድ ሰው ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በሽሪምፕ ብዙ ባልኖረ ኅብረተሰብ ውስጥ ሰው አለርጂ እንዳለበት የሚያውቀው ከበላ በኋላ ሊሆን ይችላልና፥ አስቀድሞ መጠየቅና በግልጽ መናገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

ለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ አንድን ምግብ እንግዳ ነው ወይም የአገር ነው ብሎ በስሙ ብቻ መፍረድ እንደማይቻል ነው። በርበሬም በአንድ ወቅት እንግዳ ነበረ፤ በቆሎና ባሕር ዛፍም እንዲሁ። ቤተኛ ያደረጋቸው በአገሩ መሬት መብቀላቸውና በየቤቱ እጅ መግባታቸው ነው። ሽሪምፕ ይህን ዕድል ገና አላገኘም። አዲስ አበባ የሚደርሰው በረዶ ሆኖ፥ በአየር ወይም በጅቡቲ በኩል፥ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ነው፤ ዋጋውም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ በቦሌ ጥቂት ቤቶች የሚበላ ምግብ የአገር ምግብ ሆኗል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው፥ ዘዴው ከዕቃው ጋር አብሮ መገዛት እንደሌለበት ነው። ፋሂታ ከሥጋ ወደ ሽሪምፕ መሸጋገር ከቻለ፥ ከሽሪምፕ ወደ ቆሮሶ መሸጋገር አያቅተውም። የዝዋይና የሐዋሳ ዓሣ አጥንቱ ወጥቶ በጣት ውፍረት ከተቆረጠ፥ በዚያው የሎሚና የከሙን ቅመም ታሽቶ፥ በዚያው ብረት ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በእያንዳንዱ ወገን ይጠበሳል። ክንፍና ቅርፊት ያለው በመሆኑ ከኦሪቱ ሥርዐት ጋር አይጣላም፤ ዋጋውም ከሽሪምፕ ይልቅ ለብዙ ሰው ይቀርባል። እርሱም ቢሆን ግን ከሐይቁ እስከ ከተማው በበረዶ መጠበቅ አለበት። ለሽሪምፕ የተማርነው ጥንቃቄ ለአገር ዓሣ ሲውል፥ ያ ነው እውነተኛው ትርፍ።

የጥንቱ ሠራተኛ ከጌታው የተጣለለትን ጠንካራ ሥጋ በሎሚና በእሳት አለስልሶ የሚወደድ ምግብ አደረገው። የምግቡ መሠረት በእጅ ያለውን በብልሃት ማሣመር እንጂ የሌለውን በውድ ዋጋ ማስመጣት አልነበረም። በቦሌም በአያትም ያለ ባለሙያ ይህን ምግብ ከነትውልዱ ሊወርስ ቢፈልግ፥ መጀመሪያ መመልከት ያለበት ወደ በረዶ ሣጥኑ ሳይሆን ወደ ሐይቆቹ ነው።